ሟች የከለከለችው ካርድ

አቶ ፈቃደ የሟች ሚስታቸውን የስልክ ሲም ካርድ በመሐረብ ቋጥረው፣ ከመቃብሯ ሊቀብሩት ከሲቀላ ሰፈር ወደ ላይኛው ሴቻ ዳገቱን ሲወጡ፣ ከገረሴ የመጣው አውቶቡስ የጎረቤታቸውን ልጅ እድላዊትን አወረደ። እድላዊት በገረሴ መምህርት ናት፤ ለቀብሩ አልደረሰችም ነበርና አንገታቸውን አቅፋ አለቀሰች።

«እግዜር ያጽናዎት ጋሼ። ሊሻንስ መርዶውን ሰማ?»

ሊሻን በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ የተሰደደ አንድያ ልጃቸው ነው።

«በየት አግኝቼው ልጄ? የደወለበት የኬንያ ቁጥር ዝግ ነው። እሱም የሚያውቀው የእናቱን ቁጥር ብቻ፤ እኔ እንደሆንኩ ስልክ ይዤ አላውቅ። የእጅጋየሁ ስልክ በሞተች ዕለት ከእጇ ወድቆ ተሰባበረ። ካርዱን ለዕድርተኛችን ለዳምጤ ከዐረብ አገር በመጣለት አዲስ ስልክ ብናስገባው፣ አልቀበልም አለ። ሟች አልፈቀደችም። ልጁንም አስከትላው ሄዳለች መሰለኝ።»

አቶ ፈቃደ ዕድሜያቸውን በመንግሥት ቢሮ የፈጁ፣ ጋዜጣ የማያመልጣቸው ሰው ናቸው። ሐዘን ግን የተማረውንም ያልተማረውንም እኩል ያሞኛል።

«ቢቆጡኝም እናገራለሁ» አለች እድላዊት። «ሊሻን ድንበር በተሻገረ ቁጥር የደረሰበትን አገር ካርድ ገዝቶ የፊተኛውን ያወጣል። ስልኩ ያው ነው፤ የሚለወጠው ካርዱ ነው። የኬንያው ቁጥር ዝም ቢል፣ ታንዛኒያ ገብቶ ይሆናል እንጂ ሞተ ማለት አይደለም።»

«የዳምጤ ስልክስ ለምን ገፋን?»

«እዚያ የሸጠው የስልክ ድርጅት ከራሱ ካርድ በቀር እንዳይቀበል ቆልፎት ነዋ! የእኔንም ካርድ ቢያስገቡበት ይመልሰዋል። ጥፋቱ የቀፎው ነው፤ እትዬን አያስቀይሟት።»

«አርባዋ ሳይወጣ የሙት ዕቃ መነካካት ግን ነውር ነው።»

«ልብሷን አላልኩም ጋሼ። ይህን ቢቀብሩት ልጅዎ ደውሎ ደውሎ ሲያጣ፣ እናቴ ተቀየመችኝ ብሎ እዚያው ይቀራል።»

ይህች ቃል ከሽማግሌው ሆድ ገባች። እጅጋየሁ ልጇ ከሄደ ወዲህ እህል ሲቀርብላት ትታው የምትነሣ እናት ነበረች። ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡና መሐረቡን ፈቱት። እድላዊት የራሷን ስልክ ከፍታ ካርዱን አስገባችው፤ ስልኩም ሳያንገራግር ተቀበለው። አቶ ፈቃደ እንደ ሕፃን አለቀሱ። በማግሥቱ በድርጅት ያልተቆለፈ ስልክ ገዙ፤ ካርዱንም ከተቱበት።

በሳምንቱ ዕድርተኛው ሲሰበሰብ ተነሥተው መከሩ። «ወገኖቼ፣ ቁጥሩ ያለው ካርዱ ላይ ነው። ቀፎው ቢሰበር ካርዱን አውጥታችሁ በሌላ ክተቱት እንጂ አትጣሉት። ስልክ ስትገዙም የማንኛውንም ድርጅት ካርድ የሚቀበለውን ምረጡ። ስደተኛ ያለው ሰው የቤቱን ቁጥር አይለውጥ፤ የሄደው ልጅ የሚመለስበትን መንገድ…»

ንግግራቸው ሳያልቅ ስልኩ ከደረት ኪሳቸው ጮኸ። ቁጥሩ የውጭ አገር ነው።

«እማዬ! ሞዛምቢክ ገባሁ እኮ! የአገሩን ካርድ መግዛት አቅቶኝ ነው የቆየሁት፤ አትቆጪኝ።»

«አባትህ ነኝ።»

«አባባ! እማዬስ?»

በአገሩ ልማድ መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ ደግፎ። ዕድርተኛው በሙሉ ተነሥቶ አቶ ፈቃደን ከበባቸው፤ ዳምጤም ክንዳቸውን ያዘ።

«ሊሻን፣ አጠገብህ የሚይዝህ ሰው አለ?»

«የለም አባባ፣ ብቻዬን ነኝ። ምነው?»

«እንግዲያስ ቁጭ በል ልጄ።»