የደመናው ክምር

በእኛ ጊዜ ልጆቼ፣ ሰማዩ እንደዛሬው ሩቅ አልነበረም፤ እዚህ ሞላሌ ከጓሮዬ ካብ ላይ ወጥቼ እጄን ስዘረጋ የጨረቃን አቧራ አራግፍላት ነበር። ምን ያስቃችኋል? መሪጌታ ጥላዬን ጠይቋቸው! እኔ በርቀት መነጽሩ አያለሁ፣ እሳቸው ይጽፋሉ፣ ሃያ ዓመት እንዲሁ። ብርዱን አታንሱብኝ። ሦስት ሦስት ባና ደርበን እኛ ስንንቀጠቀጥ ኮከቦቹም ይንቀጠቀጣሉ፤ እናንተ ብልጭ ድርግም አሉ ትላላችሁ እንጂ የመንዝ ብርድ ይዟቸው ነው።

ታዲያ ባለፈው እናንተው አይደላችሁ፣ «ጋሽ ደምሴ፣ ለትምህርት ቤታችን የኮከብ ክበብ ማስታወሻችሁን በየመልኩ ለይታችሁ ስጡን» ያላችሁኝ? እሺ አልኩና ሣጥኑን ከፈትኩ፣ እና ወረቀቱ ፈሰሰ፣ ፈሰሰ፣ ቤቱን ሞላው፤ ድመቷ ሁለት ቀን ጠፋችብኝ። ቁጭ ብዬ ለየሁ። ጨረቃ ወዲህ፣ ጁፒተር ወዲያ፣ ያ ጅራታም ኮከብ ለብቻው። አራተኛው ክምር ግን ጣሪያ ሊነካ ሆነ። ምን ይላል መሰላችሁ? «ደመና። ምንም አልታየም።» አንዱን ሉክ አነሳሁ፣ ደመና። ሌላውን አነሳሁ፣ ደመና። የመንዝ ሰማይ መቼም! እና ምንም ያልታየበትን ማን ያያል ብዬ ተሸክሜው ሄድኩና ለባለሱቋ ለብዙነሽ መጠቅለያ ይሁንሽ ብዬ ሰጠኋት። መረቀችኝም።

በማግስቱ ጠዋት መሪጌታ መጡ። ባናቸውን ከትከሻቸው ሳያወርዱ ክምሮቹን በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉና፣

«ደምሴ፣ ደመናው የታለ?»

«ሱቅ ነው መሪጌታ፣ በርበሬ ይጠቀለልበታል።»

«ምን አልክ?»

«ባዶ ነው ብዬ...»

«አንብበኸዋል?»

«የመጀመሪያውን መስመር።»

ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከል አደረጉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «አንተ ሰው፣ ሰማዩ ሲዘጋብን ከቤት ወጥቶ ከመሃላችን የሚቀመጠው ማን ነበር?» አሉኝ።

አስካለ ናት። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ካረፈች አራት ዓመቷ። ሰማዩ የጠራ ዕለት ዞር ብዬም አላያት፤ ደመና ሲመጣ ግን ቆሎዋን ይዛ ብቅ ትልና «እሰይ፣ ዛሬ ባሌን መለሱልኝ!» ትል ነበር። ለካ መሪጌታ የምትለውን ሁሉ ከታች ከታች ይጽፉ ኖሯል። እኔ ደግሞ ከእሷ የቀረኝ አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ ፎቶ አያወራ።

ታዲያ ሮጥኩ! በዚህ ጉልበቴ፣ ከመሐል ሜዳ የሚመጣውን አውቶቡስ ቀደምኩት፣ ሹፌሩ ምስክሬ ነው። «ብዙነሽ! ደመናዬን!» ብዬ ስገባ ሱቅ የነበረው ሁሉ «ሰውዬው አበዱ» አለ። አብዛኛው ወረቀት እዚያው ሱቁ ውስጥ ነበር፣ ጥቂቱ ግን በየቤቱ ሄዷል። ማን ማን እንደገዛ አንድ በአንድ ነገረችኝ፣ እና በየደጁ እየቆምኩ «እባክሽ እህቴ፣ በርበሬሽን ገልብጪና ወረቀቱን ስጪኝ» ስል ዋልኩ። ውሻ አሯሯጠኝ፤ አንድ ነበር፣ እሺ፣ ሦስት በሉት።

የመጨረሻዋን ሉክ ይዤ መሪጌታ ዘንድ ተመለስኩና እንደቆምኩ አነበብኩላቸው። «የሰኔ ሚካኤል ዋዜማ። ደመና። ምንም አልታየም። አስካለ፣ ጨረቃ ላይ ተራራ አለ የምትሉት እውነት ነው? አለች። ደምሴም፣ እውነት ነው፣ አንድ ቀን አሳይሻለሁ አላት። እሷም፣ እሱ ይደርሳል፣ ዛሬ አንተው ትበቃኛለህ አለችው።»

አሳየኋት ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ።

ዓይኔ ማንባት ጀመረ። «በርበሬው ነው መሪጌታ፣ ወረቀቱ ላይ ቀርቶ» አልኩ።

ወረቀቱን ተቀበሉኝ፣ በጣታቸው ዳሰስ አደረጉና ቀመሱት። «ደምሴ» አሉኝ፣ «ይሄ እኮ ስኳር የነበረበት ነው።»

እንግዲህ ሦስቱን ክምር ውሰዱ፣ አራተኛውን አልሰጥም። መስማት የፈለገ ደመና የሆነ ቀን ይምጣና አነብለታለሁ።

(ከተማሪዎቹ አንዷ በመስኮቱ አየት አደረገችና፣ «ጋሼ፣ ዛሬም እኮ ደመና ነው» አለች።)

እህ! እንግዲያው ጠጋ በሉ።