ከወለሉ ስር ያለው ጭነት

ጋሽ ፍሬቻን በሰፈሩ የማያውቃቸው የለም። ስሙን ያወጡላቸው ያስተማሯቸው ሾፌሮች ናቸው፤ በገዛ ግቢያቸው ውስጥ መኪና ሲያዞሩ እንኳ ፍሬቻ ካላሳዩ ቅር ይላቸዋል። አሥራ ስምንት ዓመት የጭነት መኪና ነድተዋል። ከዚያም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መንጃ ፈቃድ ፈላጊዎችን ሲያስተምሩ ኖረዋል። ስለ መንዳት አንድ ነገር የጠየቃቸው ሰው መልሱ ይረዝምበታል፤ ሁለት ነገር የጠየቃቸው ግን ወንበር ፈልጎ መቀመጥ አለበት።

ያን ዕለት ጠዋት ደንበኛቸው የሆነው ጎሚስታ ታሞ ቤቱን ስለዘጋ፣ ራቅ ያለ ሰፈር ሄደው ከማያውቁት ጎማ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሙ። የሚነዷት መኪና ልጃቸው የገዛችላቸው ረጅምና ሰፊ፣ ድምፅ የሌላት የኤሌክትሪክ መኪና ናት። ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም። የፊት ጎማዎቿ ግን ግራና ቀኝ ጠርዛቸው ተበልቶ መሀላቸው ብቻ ቀርቷል።

በክሪክ ከተነሳ ፒክአፕ ስር ቱታ የለበሰች ሴት ወጣች። እጇን በጨርቅ እየጠረገች ቀና አለችና ፊቷ በራ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት?»

«የትኛዋ ነሽ ልጄ? ጋሼ የሚለኝ ሰው ብዙ ነው።»

«መስቀለኛ መንገድ ላይ ሞተር አጥፍቼ ያለቀስኩት ነኛ። ‹እንባሽን ጥረጊና ቁልፉን አዙሪ፤ መኪና በለቅሶ አይነሳም› ብለውኝ ነበር።»

ጋሽ ፍሬቻ ከልባቸው ሳቁ። ልጅቱ ከዚያ በኋላ ምህንድስና ተምራ፣ ፋብሪካ ውስጥ ሠርታ፣ አሁን የራሷን ጎማ ቤት እንደከፈተች ነገረቻቸው። ጎሚስታዋ ወሬዋን ሳታቋርጥ የንፋስ መለኪያዋን ጎማው ላይ ሰካችና ቁጥሩን ሁለቴ አየች።

«ይሄን ጎማ ንፋስ የሚሞላልዎት ማን ነው?»

«የሚሞላልኝ የለም። እኔው ነኝ የማስተነፍሰው።»

«የሚያስተነፍሱት? ለምን ሲባል?»

ሽማግሌው ዙሪያቸውን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ባለቤቴ ጉልበቷን ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ለፊዚዮቴራፒ ወደ ማሻ ቤት አመላልሳታለሁ። እያንዳንዷ ጉድጓድ አጥንቷ ውስጥ ነው የምትገባው። ጎማው ለስለስ ቢል ይሻላታል ብዬ ነው።»

እንግዲህ ለሚስቱ ጉልበት ሲል የመኪና ጎማ የሚያስተነፍስ ባል ሊቆጡት የሚያስቸግር ነው። ጎሚስታዋም መቆጣት ፈልጋ አልሆነላትም።

«ታዲያ ተሻላቸው?»

«ምኑን ተሻላት።» ጋሽ ፍሬቻ ቆባቸውን አወለቁ። «ባለፈው ሳምንት ከማሻ ቤቱ በላይ ያለውን ቁልቁለት እንደ ልማዴ ማርሽ አውጥቼ ፍሪ አድርጌ ወረድኩ። ኩርባው ጋ ስደርስ መሪውን አዞርኩት፤ መኪናዋ ግን ፊት ለፊቷን ሄደች። የእግረኛው መንገድ ላይ ወጥተን ነው የቆምነው። ደግነቱ ሰው አልነበረም። ባለቤቴ አንድ ቃል አልተናገረችኝም፤ በማግስቱ ታክሲ ጠራች። አርባ አንድ ዓመት ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ካልታወቀ ልጅ መኪና ውስጥ ስትገባ በር ላይ ቆሜ አያለሁ። ዛሬ ስምንት ሰዓት ቀጠሮ አላት። ጎማውን ቀይሪልኝና ሄጄ እለምናታለሁ።»

«ጎማውንስ እቀይረዋለሁ። ልማዱን ካልቀየርነው ግን በስድስት ወር ተመልሰው ይመጣሉ። እትዬም አይመጡልዎትም።»

ይህ አነጋገር ጋሽ ፍሬቻን ቆጠቆጣቸው። ሾፌር አድርገው ያወጧት ልጅ መንዳት ልታስተምራቸው ነው።

«ስሚ ልጄ፣ ቁልቁለት በፍሪ መውረድ ቁጠባ ነው። ያቺን የድሮዋን ትንሿን መኪናዬን ሃያ ዓመት እንደዚያ ነድቻታለሁ፤ አንድ ቀን አላስደነገጠችኝም። ይቺ ደግሞ ከባድ ናት። ከባድ መኪና መሬት ይይዛል።»

«ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እውነትዎን ነው፤ ንቅንቅ አትልም። ኩርባ ላይ ግን ያ ክብደት በጀመረው አቅጣጫ ልሂድ ይላል። መልሶ የሚያዞረው ጎማው ብቻ ነው። እርስዎ ደግሞ ጎማውን አስተንፍሰው አቅም ነሱት። ለመሆኑ ክብደቷ ከድሮዋ በምን ያህል ይበልጣል?»

«ትንሽ ትከብድ ይሆናል።»

«ከእጥፍ በላይ ናት።»

«ምን ጭና? ውስጧ እኮ ባዶ ነው። አንዳንዴ የባለቤቴ ምርኩዝ ቢኖር ነው።»

ጎሚስታዋ መልስ ከመስጠት ይልቅ የፕላስቲክ በርጩማ አቀረበችላቸውና እሷም አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት ጋሼ። የጭነት መኪና ሲነዱ፣ ሲሚንቶ ጭነው ቁልቁለት ሲደርሱ ፍሪ ያደርጉ ነበር?»

«አብጃለሁ እንዴ?»

«ታዲያ እንዴት ነበር የሚወርዱት?»

«ገና ከአናቱ ላይ ማርሽ አስገብቼ፣ ሞተሩ እንዲይዘኝ አድርጌ ነዋ። ኩርባ ሳልደርስ ፍጥነት ቀንሼ እጨርሳለሁ። ከፊቴ ካለው መኪና ሰፊ ርቀት እይዛለሁ። ጎማ ደግሞ በየጠዋቱ እለካለሁ፤ ጭነት ይዘሽ የላላ ጎማ ማለት…»

ጋሽ ፍሬቻ የጀመሩትን አልጨረሱትም። መኪናዋን አዩ፤ ጎማውን አዩ፤ እንደገና ጎሚስታዋን አዩ።

«ጭነቱ የት ነው ያለው?» አሉ ቀስ ብለው።

«ከወለሉ ስር። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የተነጠፈው ባትሪ ነው። ከላይ ሲያዩዋት የቤት መኪና ናት፤ ከታች ግን ባዶ ሆና የማታውቅ ጭነት መኪና ይበሏት። እርስዎ መንዳት አልጠፋዎትም ጋሼ። የጫኑ አልመሰለዎትም እንጂ።»

ሰው ተሳስተሃል ሲባል ይከራከራል፤ የሚያውቀውን ራሱ ሲናገር ሰምቶ ግን ከማን ጋር ይከራከራል?

«ቁጠባውስ?» አሉ በመጨረሻ፣ እጅ ላለመስጠት ያህል።

«እሱ ነው የሚያስቀው። ፍሪ ሲያደርጓት የቁልቁለቱ ጉልበት ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀራል። ማርሽ ላይ ትተው እግርዎን ከፔዳሉ ቢያነሱ ግን ሞተሯ ራሱ ይይዛታል፤ ጉልበቱንም ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። የእትዬን ጉልበት የሚያመው ደግሞ የጎማው ጥንካሬ አይደለም፤ ጉድጓዱ ውስጥ የሚገቡበት ፍጥነት ነው። ይቺ ስታርፍ በሙሉ ክብደቷ ነው የምታርፈው።»

ጎማዎቹ ተቀየሩ። በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ የተለጠፈውን ልክ ጋሽ ፍሬቻ መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው አነበቡ፤ ንፋሱም በዚያው ልክ ተሞላ። ከዚያ ጎሚስታዋ ቱታዋን ሳታወልቅ ከጎናቸው ገባች።

ያው ቁልቁለት አናት ላይ ሲደርሱ ቀኝ እጃቸው ከልማድ የተነሳ ወደ ማርሹ ሄደ። ጎሚስታዋ አየች። እጁ መንገድ ላይ ቆመ፤ ተመልሶም መሪውን ያዘ። እግራቸውን ከፔዳሉ ቀስ ብለው ሲያነሱ መኪናዋ ረጋ እያለች ወረደች። ኩርባውን ሳይደርሱ ፍሬን ነክተው ጨረሱና ዞሩ። ሰሌዳው ላይ የባትሪው ቁጥር ከፍ ብሏል።

«ይገርማል፤ ሽቅብ የበላችውን ቁልቁል ትመልሳለች ማለት ነው» አሉ።

«ሁሉንም ባይሆን ብዙውን። ጠባብ መንገድ ሲገቡ ደግሞ ርዝመቷን አይርሱ፤ እንደ ትንሿ በመጡበት ፍጥነት አትታጠፍም። እግረኛም ድምፅዋን አይሰማም፤ እርስዎ ነዎት ቀድመው የሚያዩት።»

«በይ በቃ፣ የቀረውን አውቀዋለሁ። ጭነት አሥራ ስምንት ዓመት ነድቻለሁ» አሉ ጋሽ ፍሬቻ። ይህን ያሉት ግን በኩራት ሳይሆን በፍቅር ነበር፤ ጎማ ቤቷ ደጃፍ ላይ ስትወርድም ግንባሯን ሳሟት።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ደረሱ። ባለቤታቸው ምርኩዛቸውን ይዘው ሳሎን ውስጥ ታክሲ ሊጠሩ ስልክ አንስተዋል።

«ቆይ አንዴ። የዚያን ቀን ጥፋቱ የመንገዱ አይደለም፤ የመኪናዋም አይደለም። የኔ ነው» አሉ ጋሽ ፍሬቻ በር ላይ ቆመው።

ባለቤታቸው ስልኩን ከጆሯቸው አወረዱ። በትዳራቸው ዘመን ስለ መንዳት እንዲህ ያለ ነገር ከባላቸው አፍ ወጥቶ አያውቅም።

«አሞሃል እንዴ አንተ ሰውዬ?»

«ደህና ነኝ። ባዶ መስላኝ የተጫነች መኪና ስነዳ ነበር። ዛሬ እስከ ቁልቁለቱ አናት ድረስ ብቻ እንሂድ። እዚያ ስንደርስ ልብሽን ደስ ካላለው፣ ታክሲው እዚያው መጥቶ ይውሰድሽ።»

ባለቤታቸው ለአፍታ አይተዋቸው ስልኩን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። መኪናው ውስጥ ሲገቡ ግን የበሩን እጀታ ጥብቅ አድርገው ያዙ። ጋሽ ፍሬቻ አላዩም መሰሉ። ጉድጓድ ሲደርሱ ቀድመው አዘገሙ፤ ሰው ሲሻገር ከሩቅ ቆሙ። ቁልቁለቱ አናት ላይ ዳር ይዘው፣ ፍሬቻ አሳይተው አቆሙ።

«እንውረድ ወይስ ልደውልልሽ?»

«ውረድ እንግዲህ» አሉ ባለቤታቸው፣ ዐይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ።

ወረዱ። ኩርባው መጣ፤ አለፈ። በዚያች አጭር ጉዞ የጎሚስታዋ ምክር ፍሬ ሁሉ ታየ፤ ጎማው እኩል ረግጦ ይሄዳል፣ ባትሪው ይሞላል፣ መኪናዋ ቁሚ ባሏት ቦታ ትቆማለች፣ የታመመም ጉልበት ያርፋል። ጋሽ ፍሬቻ ግን በዚያ ሰዓት ከጎናቸው ያለውን የባለቤታቸውን እጅ ብቻ ነበር የሚያዩት። እጀታውን ለቆ ጭናቸው ላይ አርፏል።

ሕክምናው ሲያልቅ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ እንደ ሰሞኑ ስልኩን አነሳች። «እማማ፣ ታክሲ ልጥራልዎት?»

«ተይው ልጄ» አሉ ባለቤታቸው፣ ምርኩዛቸውን እያስተካከሉ። «ዛሬ ሾፌሬ ውጭ ይጠብቀኛል።»