የብርቱካን ልጣጩ ፈሳሽ እና አሥራ አራቱ ሙከራዎች

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሯ መጠሪያ፦ በሰፈሩ «በረዶ» በመባል የሚታወቁ (ሙሉ ስማቸው በተለየ ቅጽ ተይዟል)
ዕድሜ፦ 49
ሥራ፦ ልብስ አጣቢ
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ግቢው ውስጥ ሦስተኛው በር
ቃል የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ፣ ወር በገባ በ14ኛው ቀን፣ ከጠዋቱ 2፡40
ጉዳዩ፦ በሟች ወንድም አቤቱታ የተከፈተ የሞት ምርመራ
አቀራረብ፦ ሳይጠሩ፣ በራሳቸው ፈቃድ

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር ወደ ጣቢያው መጥቼ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ከመጨረሻው ልጀምር ስል መርማሪው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ስላሉኝ ከሥሩ እጀምራለሁ። በዚህ ጽሑፍ ላይ «ተጠርጣሪ» እና «ሟች» ተብሎ እንደሚጻፍ ተነግሮኝ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ጋሼና እትዬ ስል የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ አፌ እምቢ አለኝ፤ መርማሪውም እንደ አፌ እንዲጻፍ ፈቅደውልኛል።

በጋሼና በእትዬ ቤት ረቡዕና ቅዳሜ ልብስ አጥባለሁ። የማጥበው በጓሮ በኩል ካለው ቧንቧ ሥር በሁለት ሳፋ ነው። ልጅ የላቸውም። ጋሼ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ከሁለት ዓመት በፊት ጡረታ ሲወጡ ወንበራቸውን መስኮቱ ሥር አድርገው የሚያልፈውን መኪና ታርጋ ጎዶሎና ሙሉ ቁጥር እያሉ ሲቆጥሩ ይውሉ ጀመር። እትዬ አንድ ቀን ሳፋዬ አጠገብ ዱካ ላይ ቁጭ ብለው «ሰውዬው በቁሙ እየደረቀብኝ ነው» ብለው አለቀሱ። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ እንባ ሳይ ዝም ማለት አላውቅበትም።

እትዬ ደረታቸው ደካማ ነበር። የበረኪና ሽታ ሲደርስባቸው ትንፋሽ ያጥራቸዋል። በዚያው ሰሞን አንድ ቅዳሜ ጠዋት እኔ ነጭ ልብስ ዘፍዝፌ ሳለ እትዬ ከንፈራቸው እስኪጠቁር ሳሉ። ጋሼ ከቤት ወጥተው በረኪናውን ከነጠርሙሱ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተቱትና «ከዛሬ ጀምሮ ይሄ ነገር ቤቴ አይገባም» አሉ። ከወር በኋላ የራሳቸውን ፈሳሽ ሠሩ። ከጭማቂ ቤት የብርቱካን ልጣጭ በከረጢት እያመጡ፣ ኮምጣጤ ጨምረው፣ በጀሪካን ደረጃው ሥር ያስቀምጡታል። በየጠርሙሱ ላይ በዚያ በሚያምር የመምህር እጃቸው አራት መስመር ጻፉበት፦ ከተፈጥሮ የተሠራ። ሳንባም አካባቢም አይጎዳም። እድፍ አያስቀርም። አራተኛው መስመር የተጻፈው ቆይቶ ስለሆነ ከታች እናገራለሁ።

ጋሼ ሰውን በባዶ ወሬ የሚያታልሉ አይደሉም። ፈሳሹን ለሰው ከመስጠታቸው በፊት መፈተን አለበት አሉ። አንድ አሮጌ አንሶላ ለሁለት ቀድደው ሁለቱም ላይ እኩል ዘይትና የቲማቲም ድልህ ጠብ አደረጉ። አንዱ ጥግ ላይ ቀይ ክር፣ አንዱ ላይ ሰማያዊ ክር ሰፉ። ሁለት ጠርሙስ ሰጥተውኝ «የትኛው የሱቁ፣ የትኛው የኔ እንደሆነ አልነግርሽም፤ ለማንም እንዳታዳዪ» አሉኝ። የሳቸው ብርቱካን ብርቱካን እንደሚሸት ረስተውታል። ደንቆሮ አፍንጫ ያለው ሰው እንኳ ይለየዋል።

በሁለቱም አጠብኩ። በሱቁ የታጠበው ነጣ። በጋሼ የታጠበው ሽታው ደስ ይላል እንጂ ድልሁ እንዳለ ተቀምጧል። ላሳያቸው ይዤ ስነሳ እትዬ በጓሮው በር ብቅ አሉ። ጨርቁን አዩት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ተይ እባክሽ። ዛሬ ጠዋት እያፏጨ ነው የተነሳው» አሉኝ። አንጀቴን በሉት። ጨርቁን በደረቅ ሳሙና አሸሁት፣ ቤቴ ወስጄ ቀቀልኩት፣ በነጋታው እንደ አዲስ አድርጌ መለስኩት። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው በብርሃን እያዩ ሲያገላብጡ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ንጹሕ ነው ጋሼ» አልኩ። እሳቸውም ባለመስመር ደብተራቸው ላይ «ሙከራ 1፦ ንጹሕ። ባለሙያዋን አመሰግናለሁ» ብለው ጻፉ። በዕድሜዬ ባለሙያ ተብዬ አላውቅም ነበር። ደስ እንዳለኝ አልደብቅም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ የእኔና የእትዬ ምስጢር ሆነ። በየሙከራው እሳቸው ይጽፋሉ፣ እኔ ቤቴ እቀቅላለሁ፣ እትዬ ደግሞ ምሳ ላይ እያዩኝ ሳቃቸውን ይውጣሉ። ክፋት አልነበረበትም። ሰው ከመስኮት ሥር ስለተነሳ ደስ ብሎን ነው። ጋሼ ለጎረቤቱ ሁሉ በነጻ ያድሉ ነበር፤ ጎረቤቱም ይሉኝታ ስለያዘው ተቀብሎ ያመሰግናል፣ በማግስቱ የዱቄት ሳሙና ይገዛል። ስድስተኛው ሙከራ ላይ ይመስለኛል፣ ጋሼ «ለመሆኑ ጀርምስ ይገድላል?» ብለው በቁም ነገር ጠየቁኝ። እኔ ጨርቅ እየጨመቅኩ «ቆሻሻ ከሌለ ጀርሙ ምን በልቶ ይኖራል ጋሼ» ብዬ ቀለድኩ። አልሳቁም። በማግስቱ ጠርሙሱ ላይ አራተኛው መስመር ተጽፎ አገኘሁት፦ ጀርም አያስተርፍም። ያን መስመር ያስጻፍኩት እኔ ነኝ።

ካለፈው በፊት በነበረው ወር እትዬ ሆዳቸውን ኦፕራሲዮን ተደርገው ገና ያልገጠመ ቁስል ይዘው ወደ ቤት ተመለሱ። ከሐኪም ቤት አንድ ወረቀት ተሰጥቷቸዋል። የሚነጠፈው ሁሉ በበረኪና ተዘፍዝፎና ተቀቅሎ ይታጠብ ይላል። ወረቀቱን ጋሼም አንብበውታል። እትዬ እኔን ለብቻዬ ጠርተው «አንሶላዎቹን ቤትሽ እየወሰድሽ በበረኪና እጠቢልኝ፤ ለሱ በፈሳሹ ታጠበ እንለዋለን» አሉኝ። ሦስት ሳምንት እንደዚያ አደረግን። ቁስሉ መግጠም ጀምሮ እንደነበር በየቀኑ የምትመጣው ነርስ ስትናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከዚያ ሌላ ከተማ ያለችው ልጄ ወለደች። ሐሙስ ዕለት አሥር ቀን ልቀመጥ ስነሳ ስድስት አንሶላ አጥቤና አጣጥፌ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። እንደማይበቃ አውቅ ነበር። እትዬ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ «ለጋሼ ልንገራቸውና እሳቸው በበረኪና ይጠቡት» አልኳቸው። እጄን ይዘው «አሁን ብንነግረው ሁለት ዓመት ሙሉ ስንስቅበት የኖርን ይመስለዋል። አሥር ቀን ምን አላት፣ ሆድ ይፍጀው» አሉ። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ሄድኩ። መርማሪው በዚህ ጊዜ ለምን አልተናገርሽም ብለው ጠይቀውኛል። መልሴ ይሉኝታ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ተመልሼ በጓሮው በር ስገባ አንሶላዎቹ ገመድ ላይ ተሰጥተዋል። አጠገባቸው ስደርስ ብርቱካን ሸተተኝ። መሃከላቸው ላይ ቢጫ ቀለበት ይታያል። ጋሼ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ እጃቸው ተልጦ፣ ፊታቸው በርቶ ወጡ። «ስድስቱ ሲያልቅ በራሴ እጅ ጀመርኩ። እስቲ እይው ባለሙያዋ፣ እንዴት ነው?» አሉኝ። እኔም አፌ ለምዶበት «ንጹሕ ነው ጋሼ» አልኩ። ሙከራ 14 ተብሎ የተጻፈው ይሄ ነው። እትዬ ትኩሳት ይዟቸው እንደነበር ያወቅሁት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። አንሶላውን ሁሉ ያን ማታ ወስጄ ቀቀልኩት። ለማን እንደምቀቅል እንጃ። እትዬ ሐኪም ቤት ተወስደው ረቡዕ ዕለት ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ አረፉ።

ሐኪሙ ቁስሉ አመርቅዞ ወደ ደም ገብቷል ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ከአንሶላው ይምጣ ከሌላ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁምና አላውቅም። የእትዬ ወንድም ጠርሙሱንና ወረቀቱን ይዘው እህቴን በፈጠራው ገደላት ብለው መክሰሳቸው እህት ስለሞተችባቸው ነው፤ አልቀየማቸውም። ደብተሩ ላይ ግን የተጻፈው ሁሉ የኔ ቃል ነው። ጋሼ የሚያውቁት እኛ የነገርናቸውን ብቻ ነው።

መርማሪው ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው በየመስመሩ ጠይቀውኛል። ከተፈጥሮ የተሠራ የሚለው እውነት ነው፤ ልጣጩን ሲቆርጡ አይቻለሁ። ሳንባም አካባቢም አይጎዳም የሚለው ሳንባውን እመሰክራለሁ፤ እትዬ ከዚያ ወዲህ በፈሳሹ ምክንያት አንድ ቀን አልሳሉም። ጓሮውን በተመለከተ፣ የማጠቢያው ውሃ የሚፈስበት ሣር እስከ ዛሬ አረንጓዴ ነው። እድፍ አያስቀርም የሚለው ውሸት ነው። ጀርም አያስተርፍም የሚለው ቀልድ ነበር።

ትናንት ሰኞ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ለጋሼ ንጹሕ ሸሚዝ ይዤ ወደታሰሩበት ወደዚህ ጣቢያ መጥቼ ነበር። ጢማቸው አድጓል። ሸሚዙን ተቀብለው «በኔ ነው ያጠብሽው?» አሉኝ። አዎ ጋሼ አልኩ። ወደ ፊታቸው አስጠግተው አሸተቱት። «ብርቱካን አይሸትም» አሉ። ነፋስ ላይ ስለዋለ ነው አልኳቸው። «እሺ» አሉና ሸሚዙን እንደ ነበረ አጣጥፈው በጠያቂ መስኮቱ መለሱልኝ። አልተቆጡም። ያ እሺታቸው ሌሊቱን ሙሉ ጆሮዬ ላይ አደረ፤ ጠዋት በሩ ሳይከፈት መጥቼ የቆምኩት ለዚህ ነው። ይህ ቃል ለጋሼ በሚነበብበት ጊዜ እኔ ፊታቸው እንድቆም እለምናለሁ። ከወረቀት ብቻ ሊሰሙት አይገባም።

ከላይ የተጻፈው ተነቦልኝ የጨመርኩትም የቀነስኩትም እንደሌለ አረጋግጣለሁ። ስለዚህ ፈሳሽ አሥራ አራት ጊዜ ቃል ሰጥቼ አሥራ አራቱንም ዋሽቻለሁ፤ የዛሬው አሥራ አምስተኛው እውነት ነው ስል ፈርሜአለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ (ተፈርሟል። የጣት አሻራ ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ጣታቸው በሥራ ብዛት ስለተላጠ አልወጣም።)
ቃል ተቀባይ መርማሪ፦ (ተፈርሟል)

ማስታወሻ፦ ቃሉ በዚሁ ዕለት ከቀኑ 8፡15 ምስክሯ በተገኙበት ለተጠርጣሪው ተነቦላቸዋል። ምስክሯ እስኪያልቅ ድረስ ፊታቸው ቆመው ነበር። ተጠርጣሪው እስከ መጨረሻው አዳምጠዋል። ሚስታቸው ያውቁ እንደነበር የሚገልጸው ክፍል እንዲደገምላቸው ጠይቀው ተደግሞላቸዋል። ከዚያም ደብተራቸው እንዲሰጣቸው ጠየቁ፤ ማስረጃ በመሆኑ አልተፈቀደም። ወረቀትና ብዕር ሲሰጣቸው በእጃቸው ጽሑፍ አንድ መስመር ጽፈው ለምስክሯ ሰጥተዋል። ምስክሯ ካነበቡት በኋላ ወረቀቱን ለመርማሪው አስረክበዋል፤ ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል። እንዲህ ይላል፦

«ሙከራ 15፦ አያጸዳም። ባለሙያዋን አመሰግናለሁ።»