በአክብሮት ከፍ የተደረገው ሞተር

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ ለመሆኑ ውኃ የሰው ማዕረግ ያውቃል? አትሳቁ፣ መልሱልኝ። ሐይቅ ደጃዝማች ሲገባበት ብድግ ብሎ ይቀበላል? አይቀበልም አይደል። እናንተ ይህን ለመመለስ ትንፋሽ እንኳ አልፈጀባችሁም። በእኛ ጊዜ ግን፣ ጣልያን ከወጣ በኋላ፣ እዚያ አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ወርዶ ወደ እሪ በከንቱ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ፣ ይህን የማያውቁ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። ተሳሳትኩ፤ ያውቁታል፣ ማወቃቸው እንዳይታወቅባቸው ግን ይፈሩ ነበር።

አባቴ አናጢ ነበር። በር ይሠራል፣ አልጋ ይሠራል፣ የፒያሳ ቡና ቤቶችን ባንኮኒ ይሠራል፣ ሰው ሲሞት ደግሞ ሣጥን ይሠራል። አዎ፣ "ነበር" ነው ያልኩት፣ "ነበሩ" አላልኩም። ሰሎሞን፣ አንተ የወንድሜ ልጅ ስለሆንክ አያትህን አቃለለች ብለህ ፊትህን አታጥቁርብኝ። ጨርሰህ ስትሰማ ታጠቁረዋለህ።

ታዲያ አንድ ቀን አጋፋሪ ተሰማ መጣ። ይህ ሰው የአንድ ደጃዝማች አጋፋሪ ነው፣ ማን ይግባ ማን ይውጣ የሚል፣ እና ከበር ሳይገባ መናገር የሚጀምር ሰው። "አንተ በላቸው! ጀልባ ትሠራለህ!" አለ። አባቴም "ጀልባ?" አለ። "ጀልባ።" "ኧረ አጋፋሪ፣ እኔ ጀልባ የማውቀው በሥዕል ነው፣ እሱም የኖኅን መርከብ፣ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ።" "ኖኅስ ከዚያ በፊት መቼ አይቶ ነው የሠራው?" አለው። አባቴም ጣውላ ሊመርጥ ተነሣ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ደጃዝማቹ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ቤት አላቸው፣ እና ከላይ፣ ከትልቅ ቦታ፣ የጀልባ ሞተር ስጦታ ተሰጣቸው። ሞተሩ ብቻውን። ጀልባ የላቸውም። ኮርቻ ተሸልሞ በቅሎ ፍለጋ የሚዞር ሰው አስቡ። ስጦታውን ደግሞ ሳይጠቀሙበት ማስቀመጥ ነውር ነው፣ የሰጠው ሰው ቢሰማ ምን ይላል? ስለዚህ ጀልባ መኖር ነበረበት፣ እና ጀልባዋ ባሕር በሌለው በአራዳ፣ በእኛ ግቢ፣ በአልጋና በሣጥን መካከል ተሠራች። የሰፈሩን አፍ ታውቁታላችሁ። በአጥር ላይ አንገቱን እያሰገገ "አቶ በላቸው፣ በጊዮርጊስ ቁልቁለት ነው የሚነዷት ወይስ ክረምቱ እስኪገባ ይጠብቃሉ?" ይለዋል አንዱ። ሌላው ደግሞ "ቀበና ወንዝ ሲሞላ ለቅሶ ልንደርስባት ነው!" ይላል። አባቴ ምስማሩን በአፉ ይዞ መዶሻውን ያወርዳል።

እሺ፣ ሞተሩ በሣጥን መጣ፣ እና አብሮት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት መጣ። እኔ ያኔ የትምህርት ቤት ልጅ ነኝ፣ ያገኘሁትን ሁሉ የማነብ፣ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር። አባቴ ጠራኝና "አንብቢልኝ" አለ፣ አነበብኩለት። ነገሩ ቀላል ነው። ሞተሩ ከጀልባዋ የኋላ ሳንቃ አናት ላይ ይንጠለጠላል፣ እንደ አናጢ መቆንጠጫ፣ እንደ ሞርሳ፣ ነክሶ በብሎን ይጠብቃል። ታች ውኃው ውስጥ የሚሽከረከር መቅዘፊያ አለው። ከመቅዘፊያው በላይ እንደ ሰሐን ጠፍጣፋ የሆነች ብረት አለች። ያቺ ብረት ከጀልባዋ ሆድ ጋር እኩል መሆን አለባት፣ ቢበዛ ትንሽ ዝቅ። በጣም ዝቅ ካለ ሞተሩ ውኃ እየጎተተ ጀልባዋን ያዘገያታል። ከፍ ካለ ደግሞ መቅዘፊያው ውኃ መቅዘፉን ይተውና አየር ይውጣል፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጀልባዋ ግን አትሄድም። ጩኸቱ ብዙ፣ መንገድ ግን የለም። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የሆነ ብዙ መሥሪያ ቤት አይቻለሁ።

አባቴ ገባው። ይህን አልክድም፣ ወዲያው ነው የገባው። ጀልባዋን ገለበጣት፣ ቀጥ ያለ እንጨት ከሆድዋ እስከ ብረቷ ዘረጋ፣ በአንድ ዓይኑ አየ፣ ሳንቃውን ላግ ላግ አደረገና "ልክ" አለ። ልክ ነበር።

ያን ሰሞን የደጃዝማቹ ባለቤት፣ እሜቴ የምንላቸው፣ ጀልባዋን ሊያዩ መጡ። ከመኪና ወርደው፣ ቀሚሳቸውን ከመጋዝ ብናኝ ላይ ሰብሰብ አድርገው፣ "ወረቀቱን ማን ነው ያነበበው?" አሉ። "ይህች ልጄ ናት፣ እመቤቴ" አለ አባቴ። "እስቲ አንቺ፣ አንብቢልኝ" አሉኝ፣ አነበብኩ፣ በአማርኛም ነገርኳቸው። "ውይ! እንዲህ ታነባለች?" አሉና እንዲህ ብለው ቃል ሰጡ፤ "ጀልባዋ ደጃዝማችን ይዛ ከሄደች፣ እኔም ይህችን ልጅ ከልጄ ጋር ውጭ አገር እልካታለሁ። ትማር።" እናቴ እግራቸው ላይ ወደቀች። እኔ ያን ሌሊት አልተኛሁም። እንግዲህ አስቡት፣ የእኔ መማርና አለመማር በአንዲት ጠፍጣፋ ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ከዚያ አጋፋሪው ተመለሰ። ሞተሩን ዞር ዞር ብሎ አየው፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ አየው፣ ከዚያ ፊቱ ተለወጠ።

"በላቸው፣ ውኃው እስከ የት ነው የሚደርሰው?"

"እዚህ ድረስ፣ አጋፋሪ።"

"እስከ ወገቡ? የትልቅ ሰው ስጦታ እስከ ወገቡ ይነከራል?"

"መቅዘፊያው እኮ ውኃ ውስጥ ካልሆነ..."

"ይሁን! ማን አይሁን አለ? ግን በልኩ ይሁን። እንግዶቹ ሲያዩ ስጦታው ከፍ ብሎ ይታያቸው እንጂ። የተሰጠውን ውኃ ውስጥ ደበቀው ይበሉ? ጣውላ ደርብበት!"

እኔ "ብረቷ ከጀልባዋ ሆድ በላይ ትወጣለች" አልኩ። አጋፋሪው እኔን ሳይሆን አባቴን አየና "ይህች ልጅ ሁልጊዜ ትናገራለች?" አለው። አባቴም ጣውላ ደረበ፣ ሁለት ጣት የሚያህል። አጋፋሪው ሊያረጋግጥልን ብሎ ደግሞ በርሜል አስመጥቶ ውኃ አስሞላና ሞተሩን ከበርሜሉ አፍ ላይ አስነከሰው። ገመዱ ሲሳብ ሞተሩ ተነሣ፣ አገር ምድሩን አንቀጠቀጠው፣ ውኃው በሰፈሩ ሰው ላይ ተረጨ፣ ሰው እልል አለ። "ይኸው!" አለ አጋፋሪው እያበሰ፣ "በርሜል ውስጥ የሠራ ሐይቅ ላይ የማይሠራበት ምን ምክንያት አለው?" በርሜሉ የሚሄድበት ቦታ እንዳልነበረው ግን ለማንም ትዝ አላለውም።

እስካሁን የነገርኳችሁን ምናልባት ይቅር የሚል ሰው ይገኛል። አጋፋሪ አጋፋሪ ነው። ስሙኝ ግን፤ ወደ ቢሾፍቱ ልንሄድ በዋዜማው ወደ ግቢ ብወጣ አባቴ ሌላ ጣውላ እየመታ ነው። ሌላ! ማንም ሳያዝዘው!

"አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?" አልኩት።

"ትንሽ ናት።"

"ማን አዘዘዎት?"

"ማንም። ነገ አጋፋሪው ሰው ፊት ዝቅ አለ ብሎ ከሚያዋርደኝ ዛሬ አክብሬ ብገኝ ይሻላል።"

"መቅዘፊያው አየር ላይ ሊቀር ነው እኮ!"

"ደጃዝማች ቀላል ሰው አይደሉም፣ ሲቀመጡባት ትወርዳለች።"

"እሳቸው የሚቀመጡት ከፊት ነው፣ አባባ። ከፊት ሲቀመጡ ኋላዋ ይነሣል።"

መዶሻውን አቁሞ አየኝ። ይህም ገባው፣ ዓይኑ ላይ አየሁት። ከዚያ ምስማሩን መታ።

ማግስቱን ቢሾፍቱ ሄድን። ድንኳን ተተክሏል፣ መኳንንቱ በካባ፣ ወይዛዝርቱ በጥላ። ደጃዝማቹ ከጀልባዋ ፊት ቀይ ከፋይ በለበሰ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ኋላዋም ልክ እንዳልኩት ብድግ አለ። ሞተሩን የሚይዘው የመኪናቸው ሾፌር ነው፣ ሞተር ሞተር ነው ተብሎ። አሽከሮች ገፍተው ወደ ውስጥ አስገቧት፣ ሾፌሩ ገመዱን ሳበ፣ እና ሞተሩ ጮኸ። እንዴት ያለ ጩኸት! አረፋ ብቻ። ሾፌሩ ነዳጅ ሲጨምር ጩኸት ይጨምራል፣ መንገድ ግን የለም። ከዚያ ነፋስ ጀልባዋን ቀስ አድርጎ ያሽከረክራት ጀመር። ታዲያ እኛ ባሕል አለብን፤ የደጃዝማቹ ፊት ወደ እኛ ሲዞር ሁላችንም ዝቅ ብለን እጅ እንነሣለን፣ ጀርባቸው ሲዞር ቀና እንላለን፣ ደግሞ ፊታቸው ይመጣል፣ ደግሞ ዝቅ። እሳቸውም በክብር ጭንቅላታቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ፣ ሌላ ምን ያድርጉ? አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ወገቡን ይዞ "ኧረ በፈጠራችሁ ወይ ትሂድ ወይ ትቁም!" አለ። ሳቅሁ። በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ እንደዚያ ያሳቀኝ የለም፣ እና ሳልጨርሰው ነው የታነቀብኝ።

በገመድ ጎትተው አወጧቸው። ደጃዝማቹ መሬት ሲረግጡ ያሉት አንድ ቃል ነው፤ "ማነው?" አጋፋሪው ቀደመ። "ጌታዬ፣ ወረቀቱን ያነበበችው ልጅ ናት።" ደጃዝማቹ ወደ አባቴ ዞሩ። "እውነት ነው?"

አባቴ ነጠላውን አደገደገ። መሬት አየ። ሞተሩን አላየም፣ ጣውላዎቹን አላየም፣ እኔን አላየም። "ልጅ ናት፣ ጌታዬ" አለ። "ሴት ልጅ ናት። ፊደሉ ተምታቶባት ይሆናል።"

"አልተምታታብኝም! ጣውላውን ያንሡት!" አልኩ። እናቴ ክንዴን እስኪጠቁር ቆነጠጠችኝ። እሜቴ ግን አልተቆጡም፣ እንዲያውም አዘኑልኝ። "ምስኪን፣ ገና ናት" አሉና ከቦርሳቸው ከረሜላ አውጥተው ሰጡኝ። ውጭ አገር በፋንታዬ የአጋፋሪው ልጅ ሄደች።

አሁን ደግሞ ዋናውን ስሙ። አባቴ ያዋረደችውን ጀልባ ሊያስተካክል ቢሾፍቱ ቀረ። ሰው ሲበተን ሁለቱንም ጣውላ ነቀለ፣ ብረቷን ከጀልባዋ ሆድ ጋር እኩል አደረገ፣ እኔ ያነበብኩለትን አንዲት ሳትጎድል። ጀልባዋም ሄደች። ሄደች ብቻ? እንደ ሰጎን ሮጠች! ደጃዝማቹ ሐይቁን ዞረው ተመለሱና፣ አባቴ ራሱ ቤት መጥቶ በኩራት እንደነገረን፣ ትከሻውን ቸብ አድርገው "አየህ በላቸው፣ ልጅቷ ካላነበበችው ይሄዳል!" አሉት። አባቴም "እውነት ነው፣ ጌታዬ" አለ። የአዲሱ ቤታቸው በርና መስኮት ሁሉ ለእሱ ተሰጠ።

እኔን ከትምህርት ቤት አስወጣኝ፣ በእኔ ፋንታ ወንድሜን አስገባ። ንባብ አዋረደን አለ። ከዚያ ጅቡቲ ለሚኖር የባቡር ሠራተኛ ዳረኝ፣ እና እዚያ ዕድሜዬን ከባሕሩ ዳርቻ ጨረስኩ። ዓሣ አጥማጆቹ ማለዳ ማለዳ ሞተራቸውን ሲሰቅሉ አያለሁ፤ ጎንበስ ብለው ብረቷን ከጀልባቸው ሆድ ጋር ያስተያያሉ፣ ይሄዳሉ። ሻርክም ሆነ ሱልጣን ቢያዩ ከፍ አያደርጉትም። እኔም ቤቴ ገብቼ አነባለሁ። በእንግሊዝኛ አነበብኩ፣ በፈረንሳይኛ አነበብኩ፣ እና በመጻሕፍት ውስጥ እንዲህ ያለ አባት መጨረሻው ላይ ያለቅሳል፣ እውነቱን በአደባባይ ይናገራል። የእኔ አባት መጽሐፍ ስለማያነብ ይህን ማድረግ እንዳለበት አላወቀም። ሊሞት ሲል በሰው ላከብኝ፤ "ይቅር በይኝ በሏት።" በምን ጉዳይ እንደሆነ ግን አላለም። መልእክተኛውን ምሳ አብልቼ ባዶ እጁን መለስኩት።

ሰሎሞን፣ ተናገር፣ አፍህ ላይ ቃል ይዘሃል።

"አይ እትዬ... ሁሉም አልፈዋል። እነ ደጃዝማችም፣ አጋፋሪውም፣ አያቴም። አሁን እንኳ ይቅር ቢሏቸው ለእርስዎስ አይሻልም?"

ለእኔ የሚሻለውን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው የሚያውቀው። ይቅር አልልም። ደጃዝማቹን አልልም፣ እሜቴን ከነከረሜላቸው አልልም፣ አጋፋሪውን አልልም። የቆነጠጠችኝን እናቴንም አልልም። በእኔ ፋንታ ትምህርት ቤት ሲያስገቡት ያልተከራከረልኝን ወንድሜን፣ አባትህንም፣ አልልም። አባቴን ደግሞ፣ ገብቶት ሳለ ስለመታት ስለዚያች የመጨረሻ ጣውላ፣ አልልም። አንዳቸውንም አልልም።