በሄሊኮፕተር የተሄደበት ምሳ

ከሲልቨር ስፕሪንግ በተሳፈርኩበት ባስ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«ባሌ ሰርፕራይዝ አደረገኝ። በሄሊኮፕተር ገጠር ያለ ሎጅ ወስዶ ምሳ አበላኝ።»

«ታድለሽ! ታዲያ ፊትሽ ምነው ጠቆረ?»

«ምግብ ቤቱ ውስጥ ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ‹እንብላ› አልኩ።»

«ለማን?»

«ለማንም። አፌ ለምዶት ነው። ጥግ ካለው ባዶ ጠረጴዛ ‹እሺ፣ መጣሁ› የሚል ድምፅ ሰማሁ። በፈረንጅ አገር፣ በአማርኛ።»

«በስመ አብ! ሰው እኮ ‹ብሉ› ነው የሚለው።»

«ስንመለስ ፓይለቱ ዞር ብሎ ‹ሦስታችሁም ቀበቶ አስራችኋል?› አለን።»

«ሁለት ነን አላላችሁትም?»

«ባሌማ ሳቀ። እኔ ምን ልበል? የጋበዝኩት እኔ ነኝ።»

ከጎኔ ያለውን ባዶ ወንበር አየሁና፣ ልበላው የከፈትኩትን ሳንድዊች ቀስ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩት።