ዓይንህን ሳላየው

ከደብረ ማርቆስ ወደ አምበር በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ ነጭ በትር ከያዘ ወጣት ጋር ያወራሉ።

«ተማሪ ነህ ልጄ?»

«አዎ አባባ፣ ዩኒቨርሲቲ። ዘንድሮ እመረቃለሁ።»

«ዓይንህ በልጅነትህ ነው የጠፋ?»

«አይ፣ አምና ታምሜ ነው።»

«ታዲያ ትምህርቱን እንዴት ቻልከው?»

«የዶርሜ ልጆች እያነበቡ በስልክ ይቀዱልኛል፤ እየሰማሁ አጠናለሁ።»

«ጎበዝ። እናትህስ እንዴት ቻለችው?»

«አልነገርኳትም። ትምህርቱ አይለቀኝም እያልኩ ሳልሄድ ቀረሁ። በደወልኩ ቁጥር ‹ዓይንህን ሳላየው እንዳልሞት› ትለኛለች።»

«ኧረ በእመብርሃን። ዛሬስ?»

«መናኸሪያ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው። አባባ፣ ዓይኔ ሲያዩት ያስደነግጣል?»

እኔ መውረጃዬ ሲያልፍ እያየሁ «ወራጅ አለ» ማለት አቃተኝ።