አርሴማ አፏን ፈታች

— ሄሎ… ሄሎ፣ ማን ልበል?… ውይ፣ እትዬ ይርጋነሽ! አዎ ብሩክታይት ነኝ፤ የገዛ እህትሽ ድምፅ ጠፋሽ እንዴ?… እዚሁ ሞጣ፣ ሥራ ላይ ነኝ። ግዴለም፣ አሁን በሽተኛ የለም። ወንደሰን፣ ካርዶቹን አንተ ጨርስልኝ።

— ቢቸና እንዴት ነው? የእሁዱ ተዝካር ደረሰላችሁ? አባዬ ካረፉ አርባ ቀን ሊሞላ እኮ ነው… እ?… ማን ተናገረ?

— አርሴማ?! ልጅሽ? ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ያልወጣት ልጅ? እልልል! ወንደሰን፣ የእህቴ ልጅ አፏን ፈታች!… ምነው፣ ታለቅሻለሽ እንዴ?

— ቀስ… ቀስ በይ እትዬ። በማን ድምፅ?

— በአባዬ።… እሺ። እየሰማሁሽ ነው።

— ሳሉንም?… ቅኔውንም?… ባንተአምላክ የትኛው ነው፣ ያ ትልቁ የአባዬ ተማሪ? ደብተር ይዞ ከፊቷ ተቀምጦ? «የኔታ ሳይጨርሱልን የሄዱትን ሊጨርሱልን መጡ» እያለ ይጽፋል? ከስድስት ዓመት ልጅ አፍ! ስታስነጥስም ይጽፋል?

— አልሳቅሁም። አልሳቅሁም አልኩሽ፣ ይቅርታ።

— ምን ላኪልኝ?… የሚያስተኛ መድኃኒት? እስከ እሁድ ዝም እንድትል?… እትዬ፣ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ፤ ሰው ዝም አሰኚ ብለው አይደለም የቀጠሩኝ። ቅኔ ተናገረች ተብሎ ምን አስደነገጠሽ? ቆይ፣ መጀመሪያ የምጠይቅሽን መልሺልኝ።

— ስሟን ስትጠሪያት ትዞራለች?… አትዞርም። የፈለገችውን በጣቷ ታሳይሻለች ወይስ እጅሽን ጎትታ ትወስድሻለች?… ቆርኪዎቹንስ አሁንም በተርታ ትደረድራለች?… ደወል ሲደወል ጆሮዋን ይዛ እንደምትጮህ በፋሲካ አይቻለሁ። ያኔም አምጫት ብዬሽ ነበር። «ዝምተኛ ናት፣ ወደ አባቷ ሄዳ ነው» አልሽኝ።

— መንፈስ አይደለም። ትሰሚኛለሽ? ኦቲዝም የሚሉት ነገር ነው የሚመስለኝ። በስልክ አይረጋገጥም፣ ሐኪም ሊያያት ይገባል። እንዲህ ያሉ ልጆች አንዳንዶቹ የሰሙትን ይይዙና ከወርም በኋላ ቢሆን እንዳለ ይመልሱታል። ከነድምፁ፣ ከነሳሉ። አርሴማ ከአባዬ አልጋ ሥር አልነበር የምትውለው? ሌላ ማንም የለባትም እትዬ። የሰማችውን ነው የምትለው፤ ከራሷ አንዲት ቃል አትጨምርም።

— ሄሎ?… አላመንሽኝም?

— እንግዲያው አሰሚኝ። ስልኩን አስጠጊላት… ለምን አይሆንም? ለእኔም አባቴ ናቸው፣ ድምፃቸው ናፍቆኛል። አስጠጊ!

— …

— በስመ አብ! ሳላቸው ነው። መጨረሻ ላይ የምታፏጨዋ እንኳ… ወንደሰን፣ ቆይ፣ አታናግረኝ።

— «ይርጋ፣ ዛሬ ገበያው ይቅርብሽ»… ትላለች። «ደረቴን ያዘኝ… በሩን አትዝጊው»…

— ይሄኛው የአባዬ አይደለም። «አሁን መጣሁ።» እትዬ፣ ይሄ ያንቺ ድምፅ ነው።… ቀጭ። መቀርቀሪያውንም በምላሷ… ከውጭ ቀርቅረሽባቸው ነበር?

— ዝም በይ፣ ልስማ… «ይርጋ።»… «ይርጋ፣ ውሃ።»… «ይር…» ኧረ ድምፁ እየደከመ ነው! ኧረ አስቁሚያት!… ቆመች።… ውይ። ደግሞ ከሳሉ ጀመረች።

— እጃቸውን ይዤ ነው ያረፉት ብለሽኝ ነበር።

— አውቃለሁ።… አውቃለሁ፣ ልጅቷ ወጥታ እንዳትጠፋ ነው የምትቀረቅሪው። ሦስት ዓመት ብቻሽን አስታመምሽ፤ እኔ ለዓመት በዓል ብቅ ከማለት በቀር ምን አደረግሁ? እኔ አልፈርድብሽም። ግን ዋሸሽኝ። አንጀቴ ነው ያረረው፣ አልደብቅሽም።

— ለማንም እንዳልናገር?… ርኩስ መንፈስ ያዛት ብለሽ ጠበል ልትወስጃት? እስከ መቼ?… እስክትረሳው!

— አዎ፣ ብያለሁ። ከራሷ አትጨምርም ብያለሁ።… አሁን ገባኝ። ሰይጣን ነው ከተባለ ማን ያምናታል? እኔ ያልኩት ከሆነ ግን አባዬ እውነትም ሲጠሩሽ ነበር። ለዚህ ነው መድኃኒቱ!… አይሆንም እትዬ። አንቺን ለማዳን ብዬ ልጅቷን ሰይጣን ያዛት አልልም። ትሰሚያለሽ? አልልም!

— አታልቅሺ። እሁድ አጠገብሽ እቆማለሁ፣ ለዘመዱም ለተማሪዎቹም አብረን እንነግራቸዋለን።… ዛሬውኑ ጠበል? ባጃጅ ልትጠሪ ልትወጪ ነው?… እሷንስ ለማን ትተሽ? ስልኩን አታስቀምጪው! እትዬ!

— …

— «አሁን መጣሁ።»… ቀጭ።

— እትዬ? ይሄ አንቺ ነሽ ወይስ አርሴማ ናት?

— እትዬ ይርጋ?…

— … ሳሉ።

— አርሴማዬ… ብቻሽን ነሽ? አክስትሽ ነኝ። አይዞሽ የኔ እናት፣ አሁን መ… አይ። እሱን አልልሽም።… «ይርጋ፣ ውሃ»… አዎ፣ ሰምቼሻለሁ። ሰምቼሻለሁ… ሄሎ? ሄሎ?

— ተቋረጠ።… ወንደሰን፣ አሁን ወደ ቢቸና የሚወጣ መኪና አገኛለሁ?